መብራት እስኪበራ አትጠብቁ፦ ስለ አሮጌ መኪና ለተጻፈ አንድ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አሮጌ መኪና አያያዝ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። አንዳንዱ «እውነታቸውን ነው» ብሎ ነው የላከልኝ። ሌላው ደግሞ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ። ጽሑፉ ለዛ አለው። ጸሐፊው አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ግን ምክራቸውን እንዳለ የተከተለ ሰው ሞተሩን ሊያጣ ይችላል። ከባሰም ፍሬኑን። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሉትን በቅጡ ላስቀምጥ። ዋና ሐሳባቸው አሮጌ መኪናን ከዕድሜው ይልቅ የባለቤቱ እጅ ያበላሸዋል የሚል ነው። ከዚህ ተነስተው አምስት ነገር ይመክራሉ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት እስካልበራ ድረስ ኮፈን አትክፈቱ ይላሉ። ፈሳሽ ከጎደለ ሞልታችሁ ሂዱ፤ አሮጌ መኪና ማፍሰሱ አይቀርምና ምክንያቱን መፈለግ ትርፉ ድካም ነው ይላሉ። ዘይት የሚበላ ሞተር ወፍራም ዘይት ሲገባለት ይድናል ይላሉ። ለራዲያተር ንጹሕ ውሃ ይበቃል፤ ኩላንት (ከውሃ ጋር የሚቀላቀለው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የነጋዴ ፈጠራ ነው ይላሉ። በመጨረሻም መኪናው መንገድ ላይ ሲያስቸግር ከመቆም ይልቅ ቀስ እያሉ ጋራዥ መድረስ ይሻላል ይላሉ።

መነሻቸው ላይ እውነት አለ። የጋለ ራዲያተር ከፍቶ ፊቱ የተቃጠለ ሰው አለ። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ የመሪ ዘይት የጨመረ አለ። ደህና የነበረን ነገር ፈትቶ መግጠም ያቃተውም ሞልቷል። ግን ማየት ሌላ፣ መነካካት ሌላ ነው። ኮፈን ከፍቶ የፈሳሽ መጠን ማየት ምንም አያበላሽም። የሚያበላሸው ሳያውቁ መጨመርና መፍታት ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ከለከሉ።

አሁን ወደ መብራቱ። ይህ ምክር ሲሰሙት ልክ ስለሚመስል በጣም ያሳስበኛል። መብራቱ የተሠራው ለዚሁ አይደል? አይደለም። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ዘይቱ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ግፊቱን ብቻ ነው። ሞተሩ ላይ አንዲት ትንሽ ስዊች አለች። የዘይቱ ግፊት ወደ 0.3 ወይም 0.5 ባር ገደማ ሲወርድ መብራቱን ታበራለች። መንገድ ላይ ያለ ሞተር ደግሞ የሚያስፈልገው ግፊት ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ መብራቱ ሲበራ ዘይት መጉደል ጀምሯል ማለት አይደለም። ዘይት ለሞተሩ መድረስ አቁሟል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። 4 ሊትር የሚይዝ ሞተር 1 ሊትር ቢጎድለው መብራቱ ዝም ይላል። ከዚያም በላይ ሲጎድል ብዙ ጊዜ ዝም እንዳለ ነው። ፓምፑ የሚስብበት አፍ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ባለው ዘይት እስከተሸፈነ ድረስ ግፊቱ አይወርድም። ከዚያ አንድ ቀን ኩርባ ላይ፣ ወይም ጠንከር ያለ ፍሬን ሲያዝ፣ የቀረው ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ፓምፑ አየር ይስባል። መብራቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ብዙ ሹፌር ያቺን ብልጭታ «የሽቦ ችግር ይሆናል» ብሎ ያልፋታል። በዚያች ቅጽበት ግን የክራንክሻፍቱ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዋናው ብረት) ቤሪንጎች ያለ ዘይት ዞረዋል።

በዚያ ላይ መብራቱ ራሱ አርጅቷል። አምፖሉ ተቃጥሎ፣ ሽቦው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቁልፉን አዙሩና ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ። የዘይቱም የባትሪውም መብራት መብራት አለባቸው። ያልበራ ካለ፣ በኋላ ችግር ሲመጣም አይበራም። ጸሐፊው ሁሉን ነገር በመብራት ላይ ጥለው ይህቺን ፍተሻ እንኳ አለመጥቀሳቸው ገርሞኛል።

የሙቀት ጌጁም የሚታመነው እስከተወሰነ ድረስ ነው። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር በትክክል የሚያነበው ውሃ ውስጥ ሲጠመቅ ነው። አንድ ቱቦ ፈንድቶ ውሃው በሙሉ ከወጣ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀራል። ያኔ ጌጁ ባለበት ሊቆም፣ ጭራሽ ሊወርድም ይችላል። ሞተሩ እየተቃጠለ ሹፌሩ «ቀዘቀዘልኝ» ይላል። ቴርሞሜትሩን ከበሽተኛው ብብት አውጥቶ ትኩሳቱ ወረደ እንደማለት ነው። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) እና ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው) ላይማ በአሮጌ መኪና ምንም ዓይነት መብራት የለም። ማንዋል ካምቢዮ ከጎማ ማሸጊያው በኩል ዘይቱን በጠብታ ጨርሶ ማርሹ እስኪጮህ ድረስ ዳሽቦርዱ ጨለማ ነው።

አንድ ነገር ልቀበል። የፍሬን ዘይት መብራት ያላቸው መኪኖች ላይ እሱ በእርግጥ መጠኑን ነው የሚለካው። ብዙውን ጊዜም ከእጅ ፍሬኑ መብራት ጋር አንድ ነው። ጠቃሚ ነገር ነው። ማጠራቀሚያው ውስጥ የምትንሳፈፈው ተንሳፋፊ ግን ዓመታት ሲያልፉ ልትጣበቅ ትችላለች። ማጠራቀሚያው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ስለሚያሳይ በዓይን ማየት ይሻላል።

ዘይት እንዴት እንደሚታይ ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ሞተሩ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ይጥፋ። ላይ የቀረው ዘይት ወደ ታች እስኪወርድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ። መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ጥረጉት። መልሳችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡት፤ እንደገና አውጥታችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው ንባብ አያገለግልም። በብዙ መኪኖች ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1 ሊትር ነው። ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ። ዘይቱ ሲበዛ ክራንክሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ግን ሕጉ ይለያል። አብዛኞቹ የሚለኩት ካምቢዮው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። የሆንዳ አውቶማቲኮች ደግሞ በተቃራኒው ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ይለካሉ። የራሳችሁን መኪና መመሪያ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክራቸው «ሙላና ሂድ» ነው። እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው ጋር በጣም የምንለያየው። በአሮጌ መኪና ላይ የዛሬው መጠን ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ቁም ነገሩ ያለው ካለፈው ጊዜ ጋር ያለው ልዩነት ላይ ነው። የሚያፈስ አሮጌ ሞተር አለ፤ አልክድም። ከጓርኒሲዮን (ከማሸጊያው) ላይ ላቡን የሚያወጣ ሞተር ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ዘይት መብላትን እንደ ላይኛ ወሰን ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ በ2,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር የሚበላ መኪና እንቅልፍ አይነሳም። ያው መኪና በሚቀጥለው 500 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ከበላ ግን አንድ ነገር ተቀይሯል። ይህን ልዩነት የሚያየው ሲሞላ የጻፈ ሰው ብቻ ነው። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተጨመረው መጠን። በቃ። ዝም ብሎ የሚሞላ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያያቸው።

የፍሬን ዘይትን ጉዳይ ነጥዬ ልናገር፤ የጽሑፉ አደገኛ አንቀጽ እሱ ነውና። ጸሐፊው የፍሬን ዘይት ከሌሎቹ ጋር ደምረው «ሲጎድል ጨምሩ» ብለዋል። የፍሬን መስመር ግን ዝግ ነው። ዘይቱ አይቃጠልም፣ በኖ አያልቅም። ከጎደለ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የፍሬን ሸራው አልቋል፤ ፒስተኖቹ ወደፊት ስለወጡ ዘይቱ የእነሱን ቦታ ሞልቷል። ወይ ደግሞ አንድ ቦታ ይፈስሳል። ሦስተኛ ነገር የለም።

ሸራው አልቆ ከሆነና ዝም ብላችሁ ከሞላችሁ፣ መኪናው የሰጣችሁን ምልክት በእጃችሁ አጠፋችሁት። አዲስ ሸራ ሲገጠም ደግሞ ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ሲገፉ ትርፉ ዘይት ይገነፍልና ቀለሙን ይበላዋል። የሚፈስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ፍሳሹ ከኋላ ጎማ ታምቡር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከውጭ አይታይም፣ መሬት ላይም አይንጠባጠብም። ሸራውን እያራሰ ይቆይና አንድ ቀን ፔዳሉ መሬት ይነካል። በጣም አሮጌ መኪኖች ላይ የፍሬን መስመሩ ለአራቱም ጎማ አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ከተከፈተ ሁሉም ይሄዳል። በጎደለ ቁጥር የሚሞላ ሰው እዚህ ቀን ላይ ሳያውቀው ነው የሚደርሰው።

ምን ዓይነት ዘይት እንደሚገባም ጽሑፉ አይልም። ብዙዎቹ መኪኖች ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው የሚጠቀሙት። ሁለቱም እርጥበት ከአየር ይስባሉ። መስፈርቱ እንደሚለው አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን የሚጠየቀው 140 ብቻ ነው። የዶት 4 ቁጥሮች 230 እና 155 ናቸው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል አሮጌው ዘይት ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ይወርዳል፣ መኪናው አይቆምም። መጠኑ ሙሉ ሆኖ ነው ይህ የሚሆነው። የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብታውም እንዳይገባበት፤ የፍሬኑን ጎማዎች ያሳብጣቸዋል። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ስሙ ቢመሳሰልም የእነ ዶት 4 ዘመድ ነው።

ሌሎቹም ፈሳሾች ሲጎድሉ የት እንደሄዱ ፍንጭ ይተዋሉ። መሬት ላይ ሳይንጠባጠብ ራዲያተሩ በተደጋጋሚ ከጎደለ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚወጣ አረፋ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ዘይት፤ እነዚህ አንድ ላይ ከታዩ ጥርጣሬው ይጠናከራል። የዘይት መክፈቻው ክዳን ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ ነገር ካያችሁ ግን አትደንግጡ። አጭር አጭር ጉዞ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ እርጥበትም ያንን ይሠራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ከበዛ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ቡፍ ካለ የቫልቭ ጎማዎቹ ይጠረጠራሉ። የት እንደሚፈስ ካላወቃችሁ ማታ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ። ጥቁርና ቡኒ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ አብዛኛውን ጊዜ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ነው። ቀለምም ሽታም የሌለው ንጹሕ ውሃ የኤሲ ነው፤ እሱን ተዉት።

ስለ ወፍራም ዘይት ብዙ አልልም። ግማሽ እውነት ነው። የመኪናው መመሪያ ለአየሩ ሁኔታ ከፈቀደ፣ ያረጀ ሞተር ከ10ደብሊው-40 ወደ ወፍራሙ 20ደብሊው-50 ሲሄድ የሚበላው ዘይት ሊቀንስ ይችላል። «ይድናል» ማለት ግን ስህተት ነው። ያለቀ ፋሻ በዘይት አይመለስም። ወፍራም ዘይት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ላይኛው ክፍል ድረስ ለመድረስ ይዘገያል፤ ሞተር ደግሞ ብዙ የሚበላው በዚያች ሰዓት ነው። ከዘይት ለውጥ በፊት ፒሲቪ የሚባለውን የጋዝ ማስወጫ ቫልቭ እዩ። እሱ ሲደፈን ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይት ማስበላት ይጀምራል። ትንሽ ዕቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ በእጅ ይወጣል።

ውሃና ኩላንት ላይ ለጸሐፊው ሁለት ነገር እሰጣቸዋለሁ። ውሃ ሙቀት በመሸከም ከኩላንት ይበልጣል፤ ይህ ፊዚክስ ነው። ኩላንቱን ሳያቀጥኑ መሙላት ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። መንገድ ላይ ውሃ ብቻ ካለም ውሃ ጨምሮ መሄድ ትክክል ነው። ግን ውሃ ብቻውን ብረት ያዝጋል። ሲሊንደሩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ሲሆን ደግሞ ዝገቱ ይፈጥናል። ዝገቱ ራዲያተሩን ይደፍናል፣ የውሃ ፓምፑን ማሸጊያ ይበላል። ኩላንት ውስጥ ያለው ፀረ ዝገት ነው ትልቁ ሥራ። ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀል ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ገደማ በረዶ አይሆንም፤ መፍያውም ከ100 ከፍ ይላል። ከፍታ ቦታ የሚነዳ ሰው ይህን ያስብበት። 2,000 ሜትር ላይ ክዳን የሌለው ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል።

የራዲያተር ክዳንም ጽሑፉ የረሳው ነው። ጤነኛ ክዳን 1 ባር ገደማ ግፊት ይይዛል፤ ውሃው ወደ 120 ዲግሪ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርጋል። ስፕሪንጉ ሲላላ ደህናው ሞተር ያፈላል፤ ሰው ግን ራዲያተር ያስቀይራል። የኩላንት ቀለም ማቅለሚያ ብቻ ነው። አረንጓዴ ከአረንጓዴ ሁልጊዜ አንድ አይደለምና ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ብዙው ኩላንት የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። የቀዳችሁትን ልጅና እንስሳ ከሚደርስበት አርቁት።

አሁን ወደ መጨረሻው፦ «አትቁሙ፣ ቀስ እያላችሁ ጋራዥ ድረሱ።» ይህ ለአንዳንድ ብልሽት ይሠራል። የባትሪው መብራት ከበራ ዲናሞው ቻርጅ አያደርግም ማለት ነው። ኤሲውን፣ ሬዲዮውን አጥፍቶ በቀን የተወሰነ መንገድ መሄድ ይቻላል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ቆማችሁ ቺንጋውን ካያችሁ በኋላ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ያዞራል። ተበጥሶ ከሆነ ጉዞው አብቅቷል።

የሞተሩ ሙቀት ከልክ በላይ ሲወጣ ግን ቀስ ብሎ መንዳት የለም። ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ያጣምመዋል። ኤሲ አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ይስባል። አስተማማኝ ቦታ እንዳገኛችሁ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠብቁ። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ ቀዝቅዞና ላልቶ ካልተገኘ ክዳኑን አትንኩ። ደርቆ በጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የዘይት መብራት ሲበራማ መጠበቅም የለም። ዳር ይዞ ወዲያው ማጥፋት ነው። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ ሞልታችሁ መብራቱ ከጠፋ ትሄዳላችሁ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ መኪናው መጎተት አለበት።

ፍሬን ሲጠፋ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ የቀረ ግፊት ካለ ይመለሳል። ማርሽ እያወረዳችሁ ፍጥነቱን በሞተር አብርዱ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ በአንዴ ከጎተታችሁት የኋላው ጎማ ይቆለፍና መኪናው ይዞራል። ከቆመ በኋላ በራሱ አይንቀሳቀስ፤ ጋራዡ ቅርብ ቢሆንም።

ማስጎተትም ዕውቀት ይፈልጋል። አውቶማቲክ መኪና የሚነዱት ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው መጎተት የለበትም። ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ፓምፕ አይሠራምና ውስጡ ያለ ዘይት ይዞራል። ገፍቶ ማስነሳትም ለማንዋል ብቻ ነው። ባትሪ ከሌላ መኪና ስታስነኩ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይገናኝ። የመጨረሻው ጫፍ ግን ከደከመው ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ ሳይሆን ራቅ ካለ የሞተሩ ብረት ላይ ይያዝ። ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ፍንጣሪ ከጎኑ መሆን የለበትም። ናፍጣ ያለቀበት መኪና ነዳጅ ስለተጨመረለት ብቻ አይነሳም፤ ብዙዎቹ መስመሩ ውስጥ የገባው አየር መውጣት አለበት። ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ከመኪናው ትራፊክ በሌለበት በኩል ውረዱ። ሦስት ማዕዘኑን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ሰው ሁሉ ከመንገዱ ወጥቶ ይቁም። ትራፊክ በሚያልፍበት በኩል ያለ ጎማ እዚያው ተንበርክኮ አይቀየርም።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ስለ ዘይት ውፍረትና ስለ ውሃ ልንከራከር እንችላለን። የፍሬን ዘይቱን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያስተካክሉት። «ሲጎድል ጨምሩ» የሚለውን አውጥተው «ሲጎድል ሸራውንና አራቱንም ጎማ አስፈትሹ» ብለው ይተኩት። ያን ያህል ሰው ከተቀባበለው፣ እርማቱንም እንዲሁ ይቀባበለዋል።